«ሄይል ሜሪ እንወርውር» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ናቲ_ሀያት
ሰላም ለዚህ ቤት። የአሜሪካኖችን እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ካለ ይርዳኝ።

አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አሜሪካ ላለ ትንሽ ድርጅት ነው የምሠራው። አንድ ትልቅ ጨረታ ወጥቷል፤ ዓርብ ይዘጋል። ሰነዱ ገና በግማሽ ነው። የምንወዳደራቸው ደግሞ እኛን አሥር ጊዜ የሚያጥፉ ድርጅቶች ናቸው። ትናንት ስብሰባ ላይ አለቃችን ፈገግ አለና «እሺ፣ ዓርብ ሄይል ሜሪ እንወርውርና እንየው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በምን እንደሳቅኩ እግዜር ይወቀው።

መዝገበ ቃላት ሳይ የካቶሊኮች ጸሎት ነው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ተስፋ በመቁረጥ መሃል በሙሉ ኃይል የሚደረግ የመጨረሻ ሙከራ» ይላል። እና ምን ላድርግ? እንቅልፌን አጥቼ ልሥራበት ነው ያለኝ? ወይስ «አይሳካም፣ ዝም ብለህ ላከው» ነው? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አለቃዬን እንዳልጠይቀው ስቄያለሁ።

ተራ_ጠባቂ_ዲሲ
ናቲ ወንድሜ፣ ሰውህን አገኘህ። ዲሲ ታክሲ ነጂ ነኝ። ተሳፋሪ ሁሉ ስለ ፉትቦል ሲያወራኝ ስለኖረ ሳልወድ በግዴ ሊቅ ሆኛለሁ።

ነገሩ ከፉትቦል ነው የመጣው። እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን እነሱ በእጅ ከሚጫወቱት። አጭሩ ይሄ ነው፦ ቡድኑ ኳሱን ይዞ እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ማድረስ አለበት። ያ ጫፍ ኤንድ ዞን ይባላል። ብዙውን ጊዜ ቀስ እያሉ፣ አምስትም አሥርም ያርድ እየቆረሱ ነው የሚሄዱት። ግን ሰዓቱ አልቆ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢቀርስ? እየመራህም ባይሆንስ? ያኔ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ ክንዱ የቻለውን ያህል ወደ ኤንድ ዞን ይወረውራታል። ተቀባዮቹ ሁሉ ወደዚያው ይሮጣሉ። ተከላካዮቹም እዚያው ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁሉም ይዘላል። ማን እንደሚይዛት ማንም አያውቅም። ሄይል ሜሪ ማለት እሷ ውርወራ ናት።

እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገርህ። ኦክቶበር 27፣ 2024። የዋሽንግተኑ ኮማንደርስ ከቺካጎ ቤርስ ጋር ሜሪላንድ ላይ ይጫወታሉ። ሰው ሁሉ የመጣው ሁለቱን ልጆች ለማየት ነው። የቺካጎው ኬለብ ዊሊያምስ በዚያ ዓመት በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) አንደኛ የወጣ ነው፤ እዚሁ ዲሲ ያደገ የእኛው ሰፈር ልጅ። የእኛው ጄይደን ዳንኤልስ ደግሞ ሁለተኛ የወጣው። ጨዋታው ሲጋመስም ከተጋመሰ በኋላም እኛ እየመራን ነበር። 25 ሰከንድ ሲቀር ቤርሶች አገቡና 15 ለ 12 ሆኑ። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ኪሱ ከትቶ «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ሄደ።

2 ሰከንድ ሲቀር ዳንኤልስ ኳሱን ያዘ። አልወረወረም። ወዲያ ሮጠ፣ ወዲህ ሮጠ፣ ከ12 ሰከንድ በላይ አንከራተታቸው። (አንዱ ሙከራ አንዴ ከተጀመረ ሰዓቱ ዜሮ ቢሆንም እስኪያልቅ ይጠበቃል።) ከዚያ ወረወራት። ኤንድ ዞን ደጃፍ ላይ ሰው በሰው ላይ ተከመረ። አንድ የቤርስ ተከላካይ መትቶ ሊያወርዳት ሲል ወደ ኋላ ነካት። ከክምሩ ጀርባ ኖአ ብራውን ብቻውን ቆሟል። እጁ ላይ ወደቀችለት። 52 ያርድ፣ ወደ 48 ሜትር ገደማ። 18 ለ 15 አሸነፍን።

በጣም የሚገርመው ያ ኳሷን የነካት ተከላካይ ነው። ታይሪክ ስቲቨንሰን ይባላል። ያ የመጨረሻ ሙከራ ሲጀመር ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በደጋፊው ላይ ያሾፍ ነበር። ቪዲዮው አለ፣ እየው። ከዚያ ዘግይቶ ሮጦ መጥቶ ነው ይሄን ያደረገው። በማግስቱ አገር ምድሩ እሱን ብቻ ነው ያወራው።

ስለዚህ አለቃህ የሚለው «ዕድላችን ጠባብ ነው፣ ግን ሌላ ምንም የቀረን የለም፣ እንወርውራት» ነው።

ሰላም_ለኪ
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔን ነገሩ ከፋኝ። የእመቤታችንን ስም ኳስ ላይ? ጭራሽ ጨረታ ላይ? እኛ አገር ስሟን የሚጠራት ምጥ ላይ ያለች ሴት ናት። «ማርያም ማርያም» የሚባለው ነፍስ ከነፍስ ስትላቀቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው ሲሳሳቁበት ናቲ አብሮ ባይስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ናቲ_ሀያት
@ሰላም_ለኪ እህቴ፣ ካቶሊክ ይሁን ኳስ ይሁን ሳላውቅ ነው የሳቅኩት። ይቅር በይኝ :)

የቆሎ_ተማሪ
@ሰላም_ለኪ ቅሬታሽ ይገባኛል። ግን ስሙን ያወጡት ለማሾፍ አይደለም፤ መነሻው እውነተኛ ጸሎት ነው።

ጸሎቱን እኛም እናውቀዋለን። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ ኦ እግዝእትየ ማርያም ሰላም ለኪ» የምንለው እና የካቶሊኮቹ ሄይል ሜሪ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ሁለቱም የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ናቸው፤ የመልአኩ ሰላምታና የኤልሳቤጥ ቃል። ልዩነቱ ልመናው ላይ ነው። የእነሱ ሲዘጋ «አሁንም በሞታችንም ሰዓት ለምኝልን» ይላል። ስለ ሞት ሰዓት የሚለምን ጸሎት ሰዓቱ ላለቀበት ቡድን መዋሉ እኔን ብዙም አልደነቀኝም።

ኳስ ሜዳ የገባው እንዲህ ነው። በ1922 ኖተርዳም የተባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከጆርጂያ ቴክ ጋር ሲጫወት፣ ልጆቹ ወሳኝ ቦታ ላይ ከመጫወታቸው በፊት ተሰብስበው ሄይል ሜሪ ደገሙ። አገቡ። ሌላ ጊዜም ደገሙ፤ አሁንም አገቡ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ኤልመር ሌይደን ሲያወራው እንደኖረው፣ «እንጸልይ» ያላቸው ካቶሊክ እንኳን አልነበረም፤ ፕሮቴስታንት ነበር! ያኔ ግን ቃሉ ለረጅም ውርወራ ብቻ አልነበረም። ተአምር ለሚፈልግ ጨዋታ ሁሉ ይሉት ነበር።

አገር ሁሉ ያወቀው በ1975 ነው። ዲሴምበር 28፣ ዳላስ ካውቦይስ ሚኒሶታ ላይ ከቫይኪንግስ ጋር። ዳላስ 14 ለ 10 እየተመራ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቀር ሮጀር ስታውባክ 50 ያርድ ያህል ወረወረ። ድሩ ፒርሰን ያዛትና 17 ለ 14 አሸነፉ። ስታውባክ ካቶሊክ ነው። ጋዜጠኞች ሲጠይቁት «ዓይኔን ጨፍኜ ሄይል ሜሪ አልኩ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የውርወራው ስም እሱ ሆነ።

ተራ_ጠባቂ_ዲሲ
@የቆሎ_ተማሪ አንተ የቆሎ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን ማታ ማታ ኢኤስፒኤን ታያለህ። አንድ ነገር ልጨምርልህ። የቫይኪንግስ ደጋፊዎች ፒርሰን ተከላካዩን ገፍቶታል ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ። ያን ቀንም ሜዳው ላይ ዕቃ ይወረወር ጀመር፤ ዳኛው በጠርሙስ ግንባሩን ተመቶ ወደቀ። የእመቤታችን ስም የተጠራበት ቀን እንዲህ ነበር የተጠናቀቀው።

ሰላም_ለኪ
@የቆሎ_ተማሪ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልቡ ጸልዮ ከሆነ እሺ። ጨረታው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።

ፕሪሚየርሊግ_ሱሰኛ
ኧረ ጎበዝ፣ ያርድ ምናምን ተዉት። ለእኛ በሚገባን ቋንቋ ልንገረው።

95ኛው ደቂቃ። ኮርና። በረኛው ጎሉን ጥሎ ሮጦ ይመጣል። አለቀ፣ ሄይል ሜሪ ማለት እሱ ነው።

ሜይ 16፣ 2021 ያላየ አለ? ሊቨርፑል ከዌስትብሮም፣ 1 ለ 1። ነጥብ ከጣሉ ሻምፒዮንስ ሊግ ሊያመልጣቸው ነው። በረኛው አሊሰን ከራሱ ጎል ተነስቶ መጣ፣ ትሬንት አሻማ፣ በግንባሩ ገጨ፣ ገባ! ሊቨርፑል በታሪኩ በረኛ ሲያገባለት የመጀመሪያው ነው። እኔ ዩናይትድ ነኝ፤ ግን ተነስቼ ጮኼያለሁ። ሰው ነኛ።

የ1999ኙ የባርሴሎና ፍጻሜም አለ። ዩናይትድ በባየርን 1 ለ 0 እየተመራ ባከነ ሰዓት ላይ በረኛው ሽማይክል ለኮርና ወደ ፊት መጣ። እሱ ኳሷን አልነካትም ማለት ይቻላል፣ ግን ተከላካዮቹ ተረበሹ፤ ሸሪንግሃም አገባ። ቀሪውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እና ናቲ፣ ልብ በል። በረኛው ወደ ፊት የሚመጣው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ስለሠራም አይደለም። ጎሉን ባዶ ትቶ ቢመጣም ሌላ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ነው። 2 ለ 0 ተሸነፍክ 1 ለ 0፣ ያው ተሸነፍክ።

ቅኔ_ነሽ
ይሄን ሁሉ ታሪክ ምን አመጣው? በአማርኛ «የሞት ሽረት» ነው፣ አለቀ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን በየሳምንቱ «የሞት ሽረት ጨዋታ» ይላሉ። «አልሞት ባይ ተጋዳይ» ካልክ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ናቲ፣ አለቃህ «የሞት ሽረት ትግል እናድርግ» ነው ያለህ። ተነስና ሥራ!

አስተርጓሚዋ
@ቅኔ_ነሽ እዚህ ላይ ልቃወምሽ። ይሄ ልዩነት የእኔ እንጀራ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስተረጉማለሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሥራችን ከዚያ ነው የሚመጣው። ሐኪሞች ደግሞ ሲደክማቸው በኳስ ቋንቋ ያወራሉ።

አንድ ጊዜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ቤተሰቡን ሰብስቦ «ይሄ መድኃኒት ሄይል ሜሪ ነው» አለ። ከቤተሰቡ መሃል አንዲት እናት «ማርያም» የምትለዋን ሰማች። «ሰውዬው ክርስቲያን ነው፣ ጸሎት እያለልን ነው» ብላ እያለቀሰች እጁን ልትስም ተነሳች። እኔ «የሞት ሽረት ትግል እናደርጋለን» ብዬ ብተረጉም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ቤተሰቡ «ሐኪሙ ሊታገልልን ነው፣ ይድናል» ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ያለው የዚያን ተቃራኒ ነው ለማለት ይቻላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ እኛ ጋ ደንብ አለ። ሐኪሙን አስቆመዋለሁ። «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች፤ ይህ አባባል አያልፍም፣ በግልጽ ይንገሯቸው» እለዋለሁ። ሐኪሙ ደነገጠ። ከዚያ በቀጥታ ነገራቸው፦ «ሌላ የምንሰጠው ነገር አልቆብናል። ይሄም የመሥራት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከፈለጋችሁ ግን እንሞክረዋለን።» ይሄ ይተረጎማል።

«የሞት ሽረት» ስለ ትግሉ ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደምትታገይ። ሄይል ሜሪ ግን ስለ ትግሉ ምንም አይልም። የሚናገረው ስለ ዕድሉ ነው። ዳንኤልስ ያቺን ኳስ የወረወራት ከሌሎቹ ውርወራዎቹ የበለጠ ደክሞባት አይደለም። የተለየችው የመያዝ ዕድሏ ጠባብ በመሆኑና ሌላ ዕድል ባለመኖሩ ነው።

ቅኔ_ነሽ
@አስተርጓሚዋ እሺ፣ ሆስፒታሉ ላይ ተሸነፍኩ። ግን ታዲያ በአማርኛ ምን ልንለው ነው? «ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» እንበል?

አስተርጓሚዋ
@ቅኔ_ነሽ ቀረብ ይላል፣ ግን ይሳደባል። አረፋ የጨበጠ ሰው ሞኝ ነው፤ አረፋ እንደማያድን ሌላው ሁሉ ያውቃል። ሄይል ሜሪ ወርዋሪው ሞኝ አይደለም። ዕድሏን ያውቃታል፣ አውቆ ነው የሚወረውረው። እኔ «አንዴ እንሞክራት፣ ከተሳካ ተሳካ» ነው የምለው። ያምራል አላልኩም፤ ግን ማንንም አያሳስትም።

ጡረተኛው_መምህር
ልጆች፣ ጥሩ ክርክር ነው። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ላዋጣ።

ይሄን አባባል ፈረንጆቹ ራሳቸው ያምታቱታል። በ1983 ዓ.ም. የካቲት ላይ እኛ አገር የራሳችን ጦርነት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። የኢራቁን ጦርነት ማታ ማታ በሬዲዮ ነበር የምከታተለው። የአሜሪካኖቹ አዛዥ ጄኔራል ኖርማን ሽዋርዝኮፍ ጦርነቱ ሊገባደድ ሲል ሪያድ ላይ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። የጦሩን ዋና ክፍል በድብቅ ወደ ምዕራብ፣ ወደ በረሃው አዙረው የኢራቅን ጦር ከጎን እንደመቱት አስረዱ። ከዚያም ይሄ ሄይል ሜሪ ነው አሉ። ወርዋሪው ሲጨንቀው ተቀባዮቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይልካቸዋል፣ እኛም ያደረግነው እሱን ነው ብለው አብራሩት።

እኔ ያኔም ግራ ገባኝ። ምኑ ነው የጨነቃቸው? ለወራት የተዘጋጀ ዕቅድ ነው። አየሩ በእጃቸው ነው። የእግረኛው ውጊያ የፈጀው 100 ሰዓት ብቻ ነው። ጄኔራሉ የወሰዱት የሩጫውን ቅርጽ እንጂ የጭንቀቱን ትርጉም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየጋዜጣው «ሄይል ሜሪ ማለት ደፋር ዕቅድ ነው» ብለው የተረዱት ብዙዎች ናቸው። ናቲ ያየው መዝገበ ቃላት ሁለት ዓይነት ነገር መጻፉ አይግረመው።

ናቲ_ሀያት
@ጡረተኛው_መምህር ጋሼ እናመሰግናለን። ታዲያ አለቃዬ ጄኔራሉ ይሆን ስታውባክ?

ጡረተኛው_መምህር
@ናቲ_ሀያት አለቃህ ለወራት ያዘጋጀው ዕቅድ ካለው ጄኔራሉ ነው። ሰነዱ በግማሽ ከሆነ ስታውባክ ነው።

ቶፈል_ተፈታኝ
ጋሼ፣ እዚህ ከመጡ አይቀር እኔንም ያግዙኝ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት አሉብኝ፤ ሁሉንም «በሙሉ ኃይል መጣር» ብዬ ነው የያዝኳቸው። «ቱዝ ኤንድ ኔይል»፣ «ላስት ዲች» እና «ፑል አውት ኦል ዘ ስቶፕስ»።

ጡረተኛው_መምህር
@ቶፈል_ተፈታኝ የመጀመሪያው ቀላል ነው። በጥርሱም በጥፍሩም ታገለ። እኛም እንደዚያው እንላለን።

ሁለተኛው ጦር ሜዳ ነው። ዲች ቦይ ነው፣ ምሽግ። በፈረንጆቹ 1672 ፈረንሳዮች ሆላንድን ሲወርሩ የኦሬንጁ ዊሊያም «አገርህ መጥፋቷ ነው» ሲባል፣ ያንን ላለማየት አንድ መንገድ አለኝ፣ የመጨረሻው ቦይ ውስጥ መሞት፣ ብሎ መለሰ ይባላል። ሆላንዶች ያኔ ግድባቸውን ከፍተው የገዛ መሬታቸውን በውሃ አጥለቅልቀው ነው ጠላት ያቆሙት። እዚህ ላይ @ቅኔ_ነሽ ያልሽው «አልሞት ባይ ተጋዳይ» ልክ ይገባል።

ሦስተኛውን ከእነዚህ ጋር አትደባልቅ። ስቶፕስ የሚባሉት በፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ኦርጋን ላይ ያሉ ጉጦች ናቸው። ሁሉንም ስትስባቸው ድምፁ ሁሉ በአንድ ላይ ይወጣል። ጭንቀት የለበትም። ለልጁ ሠርግ ያለውን ሁሉ አውጥቶ የደገሰ አባት እንደዚያ ይባላል።

ፌርፋክስ_ልጅ
አንድ ቀርቷል፣ እኔ የምወደው። «ጎ ፎር ብሮክ።» ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው፣ ከሊትል ኢትዮጵያ ብዙም ሳልርቅ። መሃል ከተማ ሊትል ቶኪዮ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ በ1999 የቆመ ትልቅ ክብ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት አለ፤ ስሙ ራሱ ጎ ፎር ብሮክ ነው። ከ16 ሺህ በላይ የወታደር ስም ተቀርጾበታል። መጀመሪያ ሳየው ስለ ቁማር ሐውልት ያቆሙ መስሎኝ ነበር!

ቃሉ በእርግጥም ቁማር ነው። ሃዋይ ውስጥ ዳይስ የሚጥሉ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ አስይዘው አንዴ ሲጥሉ የሚሉት ነበር። ከዚያ 442ኛው ክፍለ ጦር መፈክሩ አደረገው። እነዚህ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ናቸው። ጊዜውን አስቡት። ፐርል ሃርበር ከተመታ በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1942 ትእዛዝ ፈረመ፤ በምዕራቡ ዳርቻ የሚኖሩ ወደ 120 ሺህ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ተከተቱ። አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። በ1943 ክፍለ ጦሩ ሲቋቋም ከእነዚያ ካምፖች ጭምር ልጆች ወጥተው ዘመቱ። እናትህ በጠባቂ ተከባ አንተ ለዚያው መንግሥት ልትዋጋ!

በኦክቶበር 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ቮዥ በሚባል ተራራ የቴክሳስ ሰዎች ሻለቃ በጀርመኖች ተከበበ። ለማውጣት የተላከው 442ኛው ነው። 211 ሰው አወጡ። ለዚያ የከፈሉት ወደ 800 የሚጠጋ ሙትና ቁስለኛ ነው። ከ442ኛው ልጆች አንዱ ዳንኤል ኢኖዬ በማግስቱ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ቀኝ እጁን አጣ። በኋላ የሃዋይ ሴናተር ሆኖ እስኪሞት ድረስ ወደ 50 ዓመት አገለገለ። ከፍተኛውን የጀግና ሜዳልያ ግን እሱም፣ ከተሸለሙት ጓዶቹ አብዛኞቹም ያገኙት በ2000 ነው። ተመልከቱ፣ ስንት ዘመን ዘግይቶ።

እና የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጎ ፎር ብሮክ ያለው ሰው ገና የሚያጣው ነገር አለው፤ አውቆ ሁሉንም ያስይዛል። ሄይል ሜሪ የወረወረ ሰው የሚያስይዘው አልቆበታል። የእነዚያ ልጆች ነገር ሄይል ሜሪ አይባልም። ነውር ነው።

ፕሪሚየርሊግ_ሱሰኛ
@ፌርፋክስ_ልጅ ይሄን አላውቅም ነበር። የሃዋዩን ሰውዬ ሄጄ ላነብለት ነው።

ቅኔ_ነሽ
@ፌርፋክስ_ልጅ የመጨረሻዋ አንቀጽህ ትክክል ናት። «ያለውን ሁሉ አስያዘ» በአማርኛም ቁጭ ብላለች። እዚህ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ቁሙ፣ በየደቂቃው ትሰሟታላችሁ። የሚያስይዙት ግን የቤት ኪራይ ነው፣ ክፍለ ጦር አይደለም።

ናቲ_ሀያት
እሺ፣ ማሳረጊያውን ላምጣላችሁ። ጠዋት ለአለቃዬ ጻፍኩለት። «ሄይል ሜሪ ስትል ስንት ሰዓት ልሥራበት?» አልኩት። ሳቀ። መልሱ ይሄ ነው፦ አምና ለሌላ ጨረታ ያስገባነውን ሰነድ አንሳ፣ ዋጋውንና የሰዎቹን ዝርዝር አስተካክል፣ ዓርብ እስከ ቀትር ላክ። ማታ አትሥራበት። ካሸነፍን ተአምር ነው፣ ካላሸነፍን ስማችንን አይተውታል፣ ለሚቀጥለው ይጠቅመናል።

ስለዚህ @ተራ_ጠባቂ_ዲሲ እና @አስተርጓሚዋ አሸንፋችኋል። @ቅኔ_ነሽን ሰምቼ ቢሆን ሦስት ሌሊት ቡና ላይ ነበርኩ።

ቅኔ_ነሽ
ማሸነፋችሁን አውጁና ቡናውን ደግሞ ለእኔ ላኩልኝ።

ተራ_ጠባቂ_ዲሲ
አለቃህ ጨዋ ሰው ነው። ግን «ስማችንን አይተውታል» ያላትን ልብ ብለሃል? ያቺ ሄይል ሜሪ አይደለችም። ውርወራው ቢስትም ትርፍ አላት። እኔ ብሆን ሰነዱን ከፍቼ ቢያንስ የፊደል ግድፈቱን አርም ነበር።

ናቲ_ሀያት
እሱንማ አደርጋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከሰነዱ ጋር ለደንበኛው አጭር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፈታ ያለ ነገር እንዲሆን «ይህ የእኛ ሄይል ሜሪ ነው» ብዬ ብገባ ያስቃል?

አስተርጓሚዋ
@ናቲ_ሀያት በጭራሽ! ያ ቃል እርስ በርስ የሚባል ነው። ለደንበኛው ከጻፍክለት «እኛም እንደማናሸንፍ እናውቃለን፣ አንተም ሰነዱን ብታነበው ባታነበው ግድ የለም» እያልከው ነው። «ሰነዳችንን በትኩረት ስለሚያዩልን እናመሰግናለን» በልና ፈርም።